የመንደር ውሻ ክትባትና የቀይ ቀበሮ መትረፍ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ማብራሪያ

መግቢያ

ቀይ ቀበሮ በአገራችን ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ የሚገኝ፣ ከአፍሪካ ሥጋ በል አራዊት መካከል ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ እንስሳ ነው። በየተራራው ያሉት ሁሉ ቢደመሩ ለአካለ መጠን የደረሱት 500 ያህል ብቻ እንደሆኑ ይገመታል። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። የቀሩት በሰሜን ተራሮች፣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በመንዝ ጓሳና በአርሲ ተራሮች ተበታትነው ይገኛሉ። ቀድሞ ይኖርበት ከነበረው ከጎጃም ጮቄ ተራራ ግን ጨርሶ ጠፍቷል።

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው አደንን መከልከል ነው። ቀይ ቀበሮን በተመለከተ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙውን እልቂት ያደረሰው ጥይት አይደለም፤ ከመንደር ውሾች የሚነሣ በሽታ ነው። ይህ በመሆኑ የእንስሳውን ቁጥር መልሶ ለማብዛት የሚደረገው ምርምር ከተራራው አልፎ እስከ ገበሬው ደጃፍ ይደርሳል። ምርምሩ ክትባቱንም፣ የሚበቃውንም መጠን፣ የአሰጣጡንም ዘዴ ለይቶ አውጥቷል። የቀረው ሥራ በአብዛኛው በልማት ሠራተኛው፣ በእንስሳት ጤና ባለሙያውና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ እጅ ያለ ነው።

በዚህ ጽሑፍ በሽታው ምን እንዳደረሰ፣ ምርምሩ ምን እንዳገኘና በየቀበሌው ምን መደረግ እንዳለበት በቅደም ተከተል እናብራራለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የእንስሳው ጠባይ

ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘሩ ይበልጥ የሚቀርበው ለተኩላና ለውሻ ነው። ክብደቱ ከ11 እስከ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የሚኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለው የውርጭ ቀጠና፣ ሣርና ጓሳ በለበሰው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ዋነኛ ምግቡ የሜዳ አይጥና ፍልፈል ሲሆን፣ በባሌ በተደረገው ጥናት ከሚበላው ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ይኸው እንደሆነ ታውቋል።

በባሌ ኦሮሞዎች ዘንድ «ጀዳላ ፈርዳ» ይባላል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ስሙ የወጣለት ለመውለድ የደረሱ ባዝራዎችንና ላሞችን እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። ስለዚህ ከብት መካከል ሲንጎራደድ የታየ ቀይ ቀበሮ ሁሉ ጥጃ ሊበላ የመጣ ነው ማለት አይደለም። በአብዛኛው የሚያድነው አይጥ ነው፤ ከብቱንም እንደ መከለያ ይጠቀምበታል። በመንዝ ጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶው ነው። አልፎ አልፎ የበግ ግልገል ሊወስድ ቢችልም ለበግ አርቢው ዋነኛ ጠላቶች ጅብና ተራው ቀበሮ ናቸው።

ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ በይበልጥ መታወቅ ያለበት ጠባዩ የሚከተለው ነው። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ያድናል፤ የሚኖረው ግን በመንጋ ነው። የአንድ መንጋ አባላት ማለዳና ማታ ይሰበሰባሉ፤ ይላላሳሉ፤ አፍ ለአፍ ይነካካሉ፤ ክልላቸውን አብረው ይዞራሉ፤ ሌሊትም በአንድነት ያድራሉ። በመንጋው ውስጥ በአብዛኛው የምትወልደው አንዲት ዋና ሴት ብቻ ስትሆን፣ የምትወልደውም በዓመት አንድ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ከጉድጓድ የሚወጡት ቡችሎች ከሁለት እስከ ስድስት ይሆናሉ። ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ በመንጋው አንዱ አባል ላይ የገባ በሽታ ለሁሉም በቶሎ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ በበሽታ ያለቀ መንጋ ተመልሶ የሚተካው በዝግታ ነው።

2. በሽታው ያደረሰው ጉዳት

በቀይ ቀበሮ ላይ ከባድ እልቂት ያደረሱት ሁለት በሽታዎች ናቸው። አንደኛው የእብድ ውሻ በሽታ ሲሆን ሁለተኛው ዲስተምፐር የተባለው የውሾች በሽታ ነው። ሁለቱም ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋሉ።

በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ በ1991 እና 1992፣ በ2003 እና 2004፣ በ2008 እና 2009 እንዲሁም በ2014 ተነሥቷል። በ1991 እና 1992 በተነሣው ጊዜ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ ለይተው ይከታተሏቸው ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ አልቀዋል። በ2003 እና 2004 ደግሞ በዌብ ሸለቆ ይኖሩ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ እጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተዋል። ዲስተምፐርም በ2005 እና 2006፣ በ2010 እንዲሁም በ2015 እና 2016 ተከስቷል።

በጠቅላላው 500 ያህል ብቻ ላለው ዘር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ባሌ ሰፊ በመሆኑ ከአንዱ ሸለቆ ያለቀው ከሌላው ሸለቆ በሚመጣ ሊተካ ይችላል። በወሎና በሰሜን ተራሮች ያሉት ግን በየተራራው ጫፍ የተለያዩ፣ ቁጥራቸውም እጅግ ያነሰ ነው። በመካከላቸው ያለው መሬት ታርሷል። በአገራችን ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻነት እንደተለወጠ ይገመታል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ወረርሽኝ ብቻ ቢገባ መንጋውን ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል፤ የሚተካውም ከየትም አይመጣም።

3. በሽታው ከመንደር ወደ ተራራ የሚወጣበት መንገድ

የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በበሽተኛው እንስሳ ምራቅ አማካይነት፣ በተለይም በንክሻ ነው። በደጋው አገር ውሻ ከብትን ከጅብ የሚጠብቅ ስለሆነ በየቤቱ ይገኛል። ብዙውን ጊዜም አይታሰርም፤ ቀለቡን የሚያገኘው ከቤት ትራፊ፣ ከጥንብና ሜዳ ላይ ከሚያድነው ነው። በዚህ ጊዜ ከቀይ ቀበሮ ጋር በአንድ ጥንብ ላይ ይገናኛል፤ ይጣላል፤ ይነካከሳል። ከዚህም አልፎ ወንድ ውሻ ሴት ቀይ ቀበሮን አስረግዞ ድቅል መወለዱ በባሌ ታይቷል።

ሁለተኛው መንገድ የከብት ዝውውር ነው። በባሌ «ጎዳንቱ» በሚባለው ልማድ መሠረት አርቢዎች በየወቅቱ ከብታቸውን ይዘው ወደ ተራራው ሣር ይወጣሉ፤ ውሾቻቸውም አብረው ይወጣሉ። በመሆኑም በተራራው ሥር ያሉት ውሾች ሁሉ ቢከተቡ እንኳ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ አንድ ያልተከተበ ውሻ በሽታውን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

4. ምርምሩ ያስገኘው ውጤት

በባሌ የመንደር ውሾችን መከተብ በተከታታይ የተጀመረው በ1996 ነው። ሥራው ለሰውም ለከብትም ጠቅሟል። ሆኖም ከላይ በተገለጹት ምክንያቶች የውሻ ክትባት ብቻውን በሽታውን ከተራራው ማስቀረት እንዳልቻለ ከ2003 በኋላ የተነሡት ወረርሽኞች አሳይተዋል። ስለዚህ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን መከተብ የሚቻልበት መንገድ ተጠና። የተገኘውን ውጤት በሦስት ከፍለን እንመለከታለን።

ሀ/ ስንቱን መከተብ ይበቃል? በተራራ ላይ የተበታተነን አውሬ ሁሉ መከተብ አይቻልም። በሳይንቲስቶች የተሠራው ስሌት ግን ሁሉን መከተብ እንደማያስፈልግ አመልክቷል። ዓላማው አንድም ቀበሮ እንዳይሞት ማድረግ ሳይሆን፣ ዘሩን ለመጥፋት የሚያደርሰውን ትልቁን እልቂት ማስቀረት ከሆነ፣ ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ ሊበቃ ይችላል።

ለ/ የትኞቹን መከተብ ይገባል? በባሌ የዌብ ሸለቆ፣ ሞራባዋና ሳነቴ የሚገናኙት በጠባብ መተላለፊያዎች ነው። በ2003 መጨረሻና በ2004 መጀመሪያ በሽታው በዌብ ሸለቆ ሲዛመት 69 ቀበሮዎች እየተያዙ በመርፌ ተከተቡ። ክትባቱ ያተኮረው በሽታው በሚያልፍባቸው መተላለፊያዎችና በአጎራባች መንጋዎች ላይ ነበር። ወረርሽኙም ወደ ቀሩት የባሌ ቀበሮዎች በስፋት ሳይዛመት ቆመ። ውጤቱ በ2006 ታትሞ የወጣ ሲሆን፣ በጥቂት ክትባት በትክክለኛው ቦታ መከላከል እንደሚቻል ማስረጃ ሆኗል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን የበሽታው መነሣት በቶሎ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ሐ/ ሳይያዙ መከተብ ይቻላል? አንድን ቀበሮ በወጥመድ ይዞ መውጋት ብዙ ጊዜና ጉልበት ይጠይቃል፤ እንስሳውንም ያስደነግጣል። በመሆኑም ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ከትቶ ማብላት ተሞከረ። ከተሞከሩት ማባበያዎች የፍየል ሥጋ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሥጋውንም በሌሊት መንጋው ባለበት አካባቢ ማዳረስ አመቺ ሆነ። የሙከራው ውጤት በ2016 ታትሞ ወጣ፤ በ2018 ይህ የአፍ ክትባት በባሌ በዘመቻ መልክ መሰጠት ተጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ እንወዳለን። የአፍ ክትባቱ የሚከላከለው የእብድ ውሻ በሽታን ብቻ ነው፤ ዲስተምፐርን አይከላከልም። የበሽታው ምንጭ የሆነው ውሻ ካልተከተበ ደግሞ ተራራው ላይ የሚሰጠው ክትባት ወራጅ ውኃን ከምንጩ ሳይሆን ከታች ለመገደብ እንደመሞከር ይቆጠራል። ሁለቱ ሥራዎች አንዱ ያለሌላው አይሟሉም።

5. ለውሻ 70 በመቶ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

ለቀበሮው ከ20 እስከ 40 በመቶ ከበቃ ለውሻ 70 በመቶ የሚባለው ለምንድን ነው የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ የዓላማው መለያየት ነው። በቀበሮው በኩል የሚፈለገው ዘሩን ከመጥፋት ማዳን ነው። በውሻው በኩል ግን የሚፈለገው በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍበትን ሰንሰለት መበጠስ ነው። ለዚህም ከአንድ አካባቢ ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ይህ ቁጥር ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ አይደለም። ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ 100 ውሾች ቢኖሩና 70ው ቢከተቡ፣ በዓመቱ ውስጥ ደግሞ 25 ውሾች ሞተው በ25 ቡችሎች ቢተኩ፣ ከተከተቡት የሚቀሩት 52 ወይም 53 ያህል ብቻ ይሆናሉ። የውሾቹ ቁጥር ሳይለወጥ የተከተቡት ድርሻ ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ክትባቱ በየዓመቱ መደገም አለበት። አንድ ዓመት ሠርቶ ሁለት ዓመት ማቆም የተደከመበትን ያስቀራል።

6. የልማት ሠራተኛው የሥራ ቅደም ተከተል

1ኛ/ ውሾቹን መቁጠር። ከክትባቱ በፊት በየጎጡ ቤት ለቤት እየዞሩ የውሾችን ቁጥር፣ ፆታና ዕድሜ መመዝገብ ያስፈልጋል። ጠቅላላው ቁጥር ካልታወቀ 70 በመቶ መድረሱን ማወቅ አይቻልም። 120 ውሾች ያሉት ቀበሌ ቢያንስ 84ቱን ማስከተብ አለበት።

2ኛ/ ጊዜውን መምረጥ። ክትባቱ ኃይሉን ለማሳየት ሳምንታት ስለሚፈልግ ከብቱ ወደ ተራራ ከመውጣቱ አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ቢሰጥ ይመረጣል። እረኞች ከብት ይዘው ከመሠማራታቸው በፊት ማለዳ ላይ ቢሆን ብዙ ውሾች ይገኛሉ።

3ኛ/ ከሩቅ የሚመጡትን አለመርሳት። ከብታቸውን ወደ ተራራው የሚያወጡት ከየትኞቹ ቀበሌዎች እንደሆነ በማጣራት ለዚያ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ በጊዜው ማስታወቅ ያስፈልጋል።

4ኛ/ ክትባቱን በተገቢው ቅዝቃዜ መያዝ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ በበረዶ ሣጥን ይያዛል። ፀሐይ ሊነካው አይገባም። እንዲሁም በረዶ መሆን የለበትም፤ በውርጭ አገር ሌሊቱን ውጭ ያደረ ክትባት ሊበላሽ ስለሚችል ጥንቃቄ ይደረግ።

5ኛ/ ቡችሎችን መመዝገብ። ሦስት ወር ያልሞላቸው ቡችሎች በስም ዝርዝር ተይዘው ዕድሜያቸው ሲደርስ ይከተቡ። ከላይ በምሳሌው እንዳየነው የተከተቡት ድርሻ የሚወርደው በአብዛኛው በእነዚህ ምክንያት ነው።

6ኛ/ ምልክት ማድረግ። የተከተበ ውሻ በአንገቱ ላይ ባለቀለም ጨርቅ ወይም ማሰሪያ ይደረግለት። በማግሥቱ በመንደሩ ዞሮ ምልክት ያላቸውንና የሌላቸውን መቁጠር የሥራውን ውጤት ወዲያው ያሳያል። ከተቆጠሩት አሥር ውሾች ምልክት ያላቸው ከሰባት ካነሱ ሥራው አልተጠናቀቀም።

7ኛ/ በቶሎ ማስታወቅ። የሞተ፣ የሚንገዳገድ ወይም ሰው የማይፈራ ቀይ ቀበሮ ከታየ ቦታውንና ቀኑን መዝግቦ በዚያው ዕለት ለፓርኩ ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል። በ2003 እንደታየው አጎራባች መንጋዎችን ለማትረፍ የሚቻለው ወሬው ቀድሞ ሲደርስ ነው። በድኑን በእጅ መንካት፣ ቆዳውን መግፈፍ ወይም ለውሻ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ምርመራው የሚደረገው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ስለሆነ ናሙናው ሳይበሰብስ ባለሙያ መድረስ አለበት።

8ኛ/ ሰው ከተነከሰ። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚድን ሰው ከቶ የለም በሚያሰኝ ደረጃ ጥቂት ነው። ስለዚህ «እስቲ እንየው» ተብሎ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም።

7. የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድርሻ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባሎቻቸው ስለሚሰሟቸው መንግሥት በትእዛዝ ሊያደርገው የማይችለውን በስምምነት ማድረግ ይችላሉ። በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የሚከተሉት ቢካተቱ ጠቃሚ ነው እንላለን።

– እያንዳንዱ አባል ከሚያስፈልገው በላይ ውሻ እንዳይዝ፣ የያዘውንም በየዓመቱ እንዲያስከትብ፤
– ውሻው በቤቱ ቀለብ እንዲሰጠውና በተለይ ሌሊት ወደ ሜዳ እንዳይለቀቅ፤
– የሞተ ከብት ሜዳ ላይ ከመጣል ይልቅ እንዲቀበር፣ ይህም ውሻና ቀበሮ በአንድ ጥንብ ላይ እንዳይገናኙ ስለሚረዳ፤
– የአፍ ክትባት በሚሰጥበት ሰሞን ውሾች ታስረው እንዲቆዩ፣ እረኞችም ሜዳ ላይ የተገኘ የሥጋ ቁራጭ እንዳያነሱ።

የሣር አጠቃቀም ደንብም እንደዚሁ ነው። ፍልፈልና የሜዳ አይጥ የሚኖሩት ሣሩ ሲኖር ነው፤ እነርሱ ከሌሉ ቀይ ቀበሮም አይኖርም። በዚህ ረገድ የመንዝ ጓሳ ትምህርት ሰጪ ነው። የመንዝ ሰዎች ጓሳውን ለትውልዶች ሲጠብቁት የኖሩት «ቄሮ» በተባለው ሥርዓት ነበር። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተከልሎ ይቆይና ለቤት ክዳን የሚሆን ጓሳ ለማጨድና ከብት ለማሰማራት በተወሰነ ጊዜ ይከፈት ነበር። ሥርዓቱ ከ1975 የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በኋላ በራሱ ኮሚቴዎች አማካይነት አጠቃቀሙን በደንብ መምራቱን ቀጥሏል። ዛሬ ጓሳ ሣርም፣ ጭላዳም፣ ቀይ ቀበሮም ያለበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ሣሩን ለራሱ ጥቅም የጠበቀ ሕዝብ አውሬውንም እንዳተረፈ ከዚህ እንረዳለን።

8. ዘወትር ለሚነሡ ጥያቄዎች መልስ

ውሾቹን ከመከተብ ይልቅ መግደል አይቀልም ወይ? አይቀልም። ውሻው ከተገደለ ገበሬው ከብቱን የሚጠብቅለት ስለሚፈልግ ወዲያው ሌላ ቡችላ ያመጣል። አዲሱ ቡችላ ያልተከተበ ነው። በግድያው የተከተቡትም አብረው ስለሚጠፉ የተከተቡት ድርሻ ይወርዳል እንጂ አይጨምርም። ባለቤቱም በሌላ ጊዜ ውሻውን ይደብቃል።

ከዚህ ሥራ ገበሬው ምን ያገኛል? የእብድ ውሻ በሽታ የሚገድለው ቀበሮን ብቻ አይደለም። ልጆችን ይገድላል፤ ላምን፣ በሬን፣ አህያንና ፈረስን ይገድላል። አንድ የሚያርስ በሬ በዘር ወቅት የሞተበት ገበሬ የጉዳቱን መጠን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ቀይ ቀበሮን ለማዳን የሚከተበው ውሻና የገበሬውን ልጅ ለማዳን የሚከተበው ውሻ አንድ ነው።

በእኛ ቀበሌ ቀይ ቀበሮ የለም፤ ለምን እንከትባለን? ከብት ከቀበሌ ቀበሌ ይዘዋወራል፤ ውሻም ከገበያ ገበያ ባለቤቱን ይከተላል። በሽታው የቀበሌ ወሰን አያውቅም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው ቀይ ቀበሮን ከጥፋት ለማዳን የሚያስፈልገው ዕውቀት በአብዛኛው ተገኝቷል። በሽታዎቹ ተለይተዋል፤ የመዛመቻ መንገዳቸው ታውቋል፤ የክትባቱ መጠንና ዘዴ ተፈትኗል። ቀበሮዎቹን መከተብ የተመራማሪዎችና የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያዎች ሥራ ነው። የበሽታውን ምንጭ ማድረቅ ግን ያለ ልማት ሠራተኞችና ያለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አይሆንም። በመሆኑም እያንዳንዱ የደጋ ቀበሌ በዚህ ዓመት የውሾቹን ቁጥር መዝግቦ እንዲይዝ፣ ከከብቱ ወደ ተራራ መውጣት በፊት ቢያንስ 70 በመቶውን እንዲያስከትብና በሚቀጥለው ዓመትም ይህንኑ እንዲደግም እናሳስባለን።